ባዳው ጥርስ

ሠላሳ አንድ ዓመት ግብር ስተምን፣
ሱቁን በዓይኔ ስለካ፣ ሰውን ስመዝን፣
የጎንደር ነጋዴ ፊቴ ስቆ አያውቅም፤
እኔም ሳቅ አልወድም፣ ደረሰኝ የለውም።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ያዘኝ የደም ግፊት፤
መቶ ሰባ በመቶ። ሐኪሙ አጠቆረብኝ ፊት።
ጨው ቀነስኩ፣ ጮማ ተውኩ፣ ክኒኑን ዋጥሁት፤
እንቅልፍን እንደ ተሰወረ ሒሳብ ፈልጌ አጣሁት።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች ሲስተር የሽሃረግ፤
«ቅዳሜ ንጋት ይምጡ፣ ስፖርት ለማድረግ።»
ስፖርት መስሎኝ ሄድኩኝ ቱታዬን ለብሼ፣
ከቀሃ ማዶ ሜዳ በእግሬ ገስግሼ።

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤
ያጨበጭባሉ፣
«ሆ ሆ! ሃ ሃ ሃ!» ይላሉ።
ቀልድ ያወራ የለም።
አዳልጦት የወደቀ የለም።
ምንም የለም፣
ይስቃሉ።

ያለ ነገር የሚስቅ በኛ ሰፈር ቢገኝ
ጠበል ነው የሚወሰድ። «እኔን ማን አሳበደኝ?»
ብዬ ልመለስ ስል፣ ያዘችኝ በክንዴ፦
«በውሸት ይጀምሩ፣ ምን አለበት፣ አንዴ!
ሳንባ ኦዲተር አይደል፣ ሰነድ አይመረምር፤
አየሩን ብቻ ነው የሚያውቀው ሲቆጥር።»

ትከሻን ማላላት። መንጋጋን መክፈት።
በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ እስከ እምብርት ጥልቀት፣
ከዚያ መልቀቅ፣ ሆድ ከጀርባ እስኪጣበቅ፣
ከዚያ ዓይን ለዓይን ተያይቶ መሣቅ።

«ጥንድ ጥንድ ሁኑ» አለች። ዞር ብዬ ከጎኔ
ማንን አየሁ መሰላችሁ? በዘጠና አንድ ሰኔ
የጨርቅ ሱቁን በሰም ያሸግሁበትን ሰው፣
አቶ ጓንጉልን። ጊዜ ወገቡን ቢያጎብሰው
ዓይኑን አላጎበሰውም። አየኝ። አወቀኝ።
ለቅሶ ቤት እንኳ ወንበር ቀይሮ ነው የሚሸሸኝ።

«ሃ» አለ፣ እንደ ስድብ።
«ሃ» አልኩ፣ እንደ ክስ።
«ሃ ሃ» አለ፣ ልጓም እንደ ነከሰ ፈረስ።
«ሆ ሆ» አልኩ፣ ለይግባኝ መልስ እንደሚመልስ።
አንድ የባጃጅ ሾፌር ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ
ሞተሩን አጥፍቶ ያየናል ተገርሞ።

ጓንጉል አየር ሳበ፣ ደረቱን ነፋና
«ሃ!» ሲል፣ ከአፉ አንድ ነገር ወጣና
በአየር ተገለባብጦ ጫማዬ ላይ አረፈ፦
ሙሉ የላይ ጥርሱ፣ ከነድዱ፣ የተሰለፈ።

ጸጥ።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይሉ ነበር አባቴ፤
ቤቱን ለቆ ሲሄድ ግን ይኸው ማየቴ።
ጎንበስ ብዬ አነሣሁ፣ በመሐረብ ጠረግሁት፤
«ደረሰኝ ልቁረጥልህ?» ብዬ ሰጠሁት።

መጀመሪያ ባዶ ድዱ ታየኝ፣ እንደ ሕፃን፣
ከዚያ አንድ ድምፅ ወጣ፣ ከውሸት ልምምዳችን
የማይገጥም፣ ፉጨት ያለው፣ የሚንተፋተፍ።
ጉልበቱን ያዘ። ትከሻውን ያዝሁ።
እንባዬ ወረደ፣ ጎኔን ወጋኝ፤
እዚያ ቦታ ጡንቻ እንዳለኝ
ያን ቀን ነው የሰማሁ።

ይቅር አልተባባልንም። ወደ አራዳ ስንወጣ
ጥርሱን መልሶ ተክሎ፣ ምንም ሳይቆጣ፣
«ያኔ የተመንከው ብዙ ነበር» አለ።
ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል።
«ብዙ ነበር» አልኩ።

ሰሞኑን ተለካሁ፦ መቶ አርባ በዘጠና።
«ክኒኑን እንዳይተዉ፤ ሳቅ ብቻውን አይሆንም ጤና።»
ሌሊት እንቅልፍ ሲርቀኝ፣ መስተዋት ፊት ቆሜ
«ሃ» እላለሁ፣ በቀስታ፣ ሌላ «ሃ» ደግሜ።
ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ግድግዳውን ትመታለች፦
«ምነው፣ አመመዎት?»
«የለም፣ ሒሳብ እየዘጋሁ ነው።»
ዝምታ።
ቆይቶ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣
በጣም ቀጭን፣ እንደ ተበደረችው፣
«ሃ»።